ቁጥር ሠላሳ ስምንት

ሐሙስ ሌሊት፣ ፋርዋኒያ፣ ካውያዬን ከሶኬት ነቅዬ፣
ሁለት መቶ ነጭ ዲሽዳሻ ተኩሼ ሰቅዬ፣
ሰው ዓርብን ለእንቅልፍ ይጠብቃል፤ እኔ ለገበያ።
ከአሮጌ ፍሪጆች ማዶ፣ ከወፍ ሻጮቹ ወዲያ፣
ሺሃብ የሚሉት ኬረላዊ ሸራውን ዘርግቶ
ይጠብቀኛል፣ ጀግኖቹን በሙዝ ካርቶን ሞልቶ።

«ለልጅህ ነው?» ይለኝ ነበር መጀመሪያ ሰሞን።
«አዎ» እለው ነበር፣ ውሸቴን።
ልጅ የለኝም። አርባ አንድ ዓመቴ ነው።
ልጁም እኔው፣ አባቱም እኔው፤ ግማሽ ዲናር ተቆጥቶ የሚሰጠው፣
ነጥቆ የሚሮጠው።

ስድስት ሆነን በምንተኛባት ክፍል፣ በላይኛው አልጋ፣
አንሶላ ጋርጄ፣ ስልኬን በጥርሴ ይዤ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ፣
መጀመሪያ አሸታለሁ፦ አቧራ፣ ሙጫ፣ የቆየ ቀለም፤
እንደዚያ የሚሸት ሌላ ነገር የለም።
ከዚያ እገልጣለሁ። «ነፋስ አሳሪ» ከሰገነት ዘሎ፣
ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣
ዐውሎውን እንደ ወይፈን በገመድ ሲጠልፈው፣
ካባው ከሣጥኑ መስመር ወጥቶ ጣቴን ሲገርፈው!

ካባውን ሳይ ግን ሙያዬ አይለቀኝም፤
ያ ሁሉ ጦርነት! አንዲት ጭምድድ አላየሁም።
ማነው የሚተኩስለት? በእንፋሎት ነው? በደረቅ?
ከእሳት ወጥቶ እንኳ እንዲህ የሚያብረቀርቅ?
ሠዓሊው ካውያ ይዞ አያውቅም፤ እምላለሁ።
ይቅር ብዬዋለሁ።

እንግሊዝኛዬ ስንዝር ናት። «ድው!» እና «ጧ!» ግን መዝገበ ቃላት አይሹም።
ደግሞ የሚገርመኝ ቡጢው አይደለም።
በሣጥንና በሣጥን መሐል ያለችው ነጭ መስመር ናት፣ ቀለም
ያልነካት፣ ቃል የሌላት፣ እንደ ክር የቀጠነች።
እዚህ ክንዱን ያነሣል፤ እዚያ ጠላት ወድቋል፤ ምቱን እሷ ብቻ አየች።
እሷና እኔ። የመታሁትም እኔው ነኝ፣ በዚያች ስንጥቅ ገብቼ፣
አሥራ ሦስት ሰዓት የቆመ እግሬን ረስቼ።

ቁጥር ሠላሳ ሰባት አሸዋ ሲውጠው ያልቃል።
ግርጌው ላይ «ይቀጥላል» ይላል።
ለእኔ ሁለት ዓመት አልቀጠለም።
ከታቼ የሚተኛው ይርጋለም
«ሞቷል በቃ፣ ቀብረኸው ተኛ» ይለኛል።
«ሠላሳ ስምንት ውስጥ አለ!» «አይተኸዋል?» «አላየሁም፤ ግን ይኖራል።»
ቆይቶ እሱም፣ ሺንት ቤት ወረፋ ላይ ሳይቀር፣
«ዛሬስ? ተገኘ?» ማለት ጀመር።

በግንቦት፣ ኩዌት በአቧራ ቡናማ በሆነች ቀን፣
ወፎቹ በጨርቅ ተሸፍነው፣ ገበያተኛው ሲበተን፣
ሺሃብ ከሸራው ሥር እጁን ሰዶ አወጣት።
ሠላሳ ስምንት! በዐረብኛ የታተመች፣ ጥጓን አይጥ የቀመሳት።
ከቀኝ ትጀምራለች፤ ሥዕሉም እንደ መስታወት ተገልብጧል፤
በቀኙ ይመታ የነበረው ሰውዬ አሸዋውን በግራው ሰንጥቆ ወጥቷል።

በግራው!
ልጅ ሳለሁ ግራ እጄን ከዴስክ ጋር አስረውብኛል፤
ማስመሪያው ዛሬም ጣቴ ላይ ይጮኻል፤
እዚህም ትሪ ሲቀርብ ከጭኔ ሥር እደብቀዋለሁ፤
አለቃዬ ዞር ሲል ብቻ ካውያውን በእሱ እይዛለሁ።
እነሆ፣ ከተማ ሲጨንቃት የምትጣራው ክንድ
እሱው ሆኖ ተገኘ፣ ያለ አንዳች ገመድ።
አውቃለሁ፤ አታሚው ነው የገለበጠው፣ ለንባቡ ብሎ።
ሳቄ ግን አልሰማኝም፤ ወጣ፣ አቧራ እየተፋ፣ ዘሎ።

ሌሊት አልጋው ከታች ተንቋቋ። «እህስ? ኖረ?»
«ወጣ።» «በየት በኩል?» «በግራ።» ዝም አለ፤ ሲያስብ አደረ፣
ወይም እኔ መሰለኝ። ሊነጋጋ ሲል ግን፣ ድምፁ እንቅልፍ እንደያዘ፣
«ሠላሳ ዘጠኝስ?» አለኝ፣ እንደ ተናዘዘ።